በገመድ የመጣ የአባቴ ድምፅ

መሥሪያ ቤት ያሉት ወጣቶች በመሳቢያዬ ይስቃሉ። ውስጡ ያለው ተጠቅልሎ የተከማቸ የስልክ ገመድ ነው፤ ጫፉ የተላጠ አለ፣ በፕላስተር የታሰረ አለ፣ የማን እንደሆነ እኔም የረሳሁት አለ። በቴሌግራም መላክ እያለ ይህ ሁሉ ገመድ ምን ያደርግልሻል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ከጂንካ ቱርሚ ፎቶ ለመላክ ኔትወርክ ካለ ምራቅ እስኪዋጥ አይቆይም። ከሌለ ደግሞ የለም ነው፤ ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እኔው መሳቢያ ይመጣሉ፣ እኔም ሁለት ሦስት ነገር ሳልናገር አልሰጥም። ምላሴ ክፉ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ አልደብቅም።

ስልክን ከላፕቶፕ ጋር በገመድ ማገናኘት ለእነሱ ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው። ለእኔ ግን አባቴ ነው፣ ዲመካ ነው፣ አንድ የሐመር ሽማግሌ ነው። ሁለቱም ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ያጠፋሁትን ጥፋት ብናገር ከእኔ በቀር የሚያፍር የለም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ያኔ ጂንካ መሃሏ ላይ የአውሮፕላን ሜዳ የተዘረጋባት፣ ሳሩን ከብት የሚግጠው፣ አውሮፕላን መጣ ሲባል ሰዉ ሥራውን ትቶ ከብት ለማባረር የሚሮጥባት ከተማ ነበረች። ስልክ ቢባል ቴሌ ቤት ሄዶ መሰለፍ፣ ስም ሲጠራ ወደ ሳጥኗ ገብቶ መጮህ ነው። ያ ጩኸት ውጭ ለተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ የምንሰማው ከዚያው ነበር። አቤት የዚያን ጊዜ ጨዋታ! ሰልፉ ራሱ ይናፍቀኛል ብል የሚያምነኝ የለም።

አባቴ ግን ቴሌ ቤት ደጃፍ አይደርስም ነበር። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ነጋዴ ሆነ። ጨው፣ ምላጭ፣ ጨሌና የቡና ገለፈት በጭነት መኪና አስጭኖ ለቅዳሜ ገበያ ዲመካ ይወርዳል። መልእክቱ የሚሄደው በሾፌሮች አፍ ነው። ለቤሌ እንዲህ በለው ብሎ ይልካል፤ ሾፌሩ ለገበያተኛ፣ ገበያተኛውም ለዚያ ለሐመር ሽማግሌ ያደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። አንድም ቀን መንገድ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ቤል በሐመር ወዳጅ ማለት ነው፤ ግን ሰላም ነህ ብለውት የሚያልፉት ዓይነት አይደለም። ከብት የሰጡት፣ ቤቱ ገብተው የበሉ የጠጡበት፣ ልጁ እንደ ራስ ልጅ የሚታይ ነው። አንድ የዝናብ ወቅት አባቴን መንገድ ላይ ወባ ጣለው። ያኔ ገና ጎልማሳ የነበረው ሽማግሌ ቤቱ አስገብቶ አስታመመው። ሲድን አንድ ቀይ ጥጃ ሰጠው፤ አባቴም ጥጃውን ወደ ጂንካ አልነዳውም፣ እዚያው ከወዳጁ ከብት ጋር አድጎ ወይፈን፣ ከዚያም በሬ ሆነ። ያ በሬ ሲያረጅ ሌላ ቀይ ተተካ። እናቴ በሬ አለኝ ይላል፣ ጅራቱን እንኳ አላየን እያለች ታሾፍበት ነበር።

ልጅ ሆኜ አንዳንዴ ይዞኝ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌውን አንቱ ብለው ዞር ብሎ ኋላውን አየና ሌላ ሰው አለ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እያልኩት አደግሁ። አማርኛው በገበያ የተማረው ነው፤ አጭር፣ ጌጥ የሌለው፣ ግን የፈለገውን አንድም አያስቀርበትም።

ዘመኑ ተለወጠ፣ ሞባይል መጣ፣ እኔም ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ቱርሚ አስተማሪ የሆነው የሽማግሌው ልጅ ለአባቱ ስማርት ስልክ ገዛለት። መንደሩ መብራት የለም፤ ሽማግሌው በገበያ ቀን ዲመካ ይዞት ይወርድና ከቻርጅ ቤት ያስሞላዋል። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ወርዶ ከወዳጁ ጋር ሲጫወት ያ አስተማሪ ልጅ ድምፃቸውን ቀዳ። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

አባቴ አርፎ ድንኳን በተጣለ በሰባተኛው ቀን ሽማግሌው ከዲመካ መጣ። ዘመዶቼ የፕላስቲክ ወንበር አቀረቡለት፤ እሱ ግን ይዟት በሚዞራት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በበርኮታው ላይ፣ ከካህናቱ ጎን ቁጭ አለ። ከዚያ ስልኩን ከጨርቅ ፈትቶ ነካ ነካ ሲያደርገው የአባቴ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው።

በሐመርኛ ይዘፍናል። ሐመር ለሚወደው በሬ የሚዘፍንለት ዘፈን አለው፤ አባቴም ለዚያ ለቀይ በሬው ነው የሚዘፍነው። መሃል ላይ ቃል ይጠፋበታል፣ ይስቃል፣ ወዳጁ ያስታውሰዋል፣ ይቀጥላል። ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እኛ ቤት አንድም ቀን ዘፍኖ አያውቅም፤ ቁጥብ ሰው ነበር፣ ሲስቅ እንኳ ጥርሱ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ድምፁን የሰማሁት ከቀበርነው በኋላ ነው። አለቀስኩም፣ ተናደድኩበትም። ለልጆቹ ያልዘፈነውን ለበሬ!

አንዲት አክስቴ ለቅሶ ቤት ዘፈን ምን የሚሉት ነው ብላ ማጉረምረም ስትጀምር እናቴ በእጇ ዝም አሰኘቻት። ሲያልቅ ድገመው አለችው። ደገመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ኮምፒውተር አውቃለሁ ትያለሽ አይደል? ይህን ድምፅ አምጪልኝ።»

ፎቶማ ነበረን፤ የመታወቂያውም የሠርጉም አለ። የአባቴ ድምፅ ግን በዓለም ላይ ያለው በዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። እዚያው ብሉቱዝ ሞከርን። መስታወቱ ተሰንጥቆ የላይኛው ግማሽ ጣት አይሰማም፤ ብሉቱዙ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። አውጥተን እንዳንወስደው ሚሞሪ ካርድ የለውም። ባትሪው አብጦ ክዳኑን እየገፋው ነው፤ ዛሬ ነገ የሚጠፋ ስልክ ነው። የቀረን ገመድ ብቻ ነበር፣ ላፕቶፑ ደግሞ መሥሪያ ቤት ተቆልፎበታል። ሽማግሌውም ከብቱን ትቶ ማደር አልሆነለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ዲመካ ላይ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ በጠዋት ላፕቶፑን አዝዬ፣ ሦስት ገመድ ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እየተነጫነጭኩ ነው የደረስኩት። ሽማግሌው ቻርጅ ቤቱ ደጃፍ ላይ በርኮታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቻርጅ ቤቱ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለቤቱ የአሪ ሰው ነው፣ ጄኔሬተሩንም መዝሙሩንም አንድ ላይ ከፍቶ ይሠራል፤ በየስልኩ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፋል።

የመጀመሪያውን ገመድ ሰካሁ። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ላፕቶፑ ግን አላየውም። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ኖሯል፤ ይህን የመሰለ ከንቱ ነገር ማን እንደፈጠረው እግዜር ይወቅ። ሁለተኛው ትን ብሎ ተገናኘ፣ ትን ብሎ ተቋረጠ፣ እንደገና ትን። ገበያተኛው ከበበን። አንዱ አጥፊና አብሪው ይላል፣ አንዱ እፍ በይበት ይላል፣ ፍየል የሚጎትት አንድ ሰውዬ ገመዱ ተገልብጦ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ሲከቡኝ አልወድም፤ ሁሉንም በየተራ ሰደብኩ፣ ማንም አልሄደም። ሦስተኛው ገመድ ያዘ፤ የሚይዘው ግን ጫፉን ሽቅብ ገፋ አድርገው ሲደግፉት ብቻ ነው። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ደገፈው።

ስልኩ ላፕቶፑ ላይ መጣ። ከፈትኩ፣ ፈለግኩ፣ ፋይሉን አገኘሁት። ይኸው አባትሽ ሊሻገር ነው ብዬ ለራሴ ስናገር ሽማግሌው ጣቱን እንደደገፈ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወዳንቺ ሲገባ፣ ከኔ ይወጣል?»

«ፍየል ስትወልድ እናቲቱ ትጠፋለች?» አልኩት። «አይወጣም። በአባቴ ሞት!»

ሳቀ፤ ጣቱንም አጥብቆ ያዘ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ ስለ መሥሪያ ቤታችን ልናገር። የመስክ ሠራተኞቻችን ከአርቦሬ፣ ከቱርሚ፣ ከየወረዳው ሲመለሱ ስልካቸው በስብሰባና በሥልጠና ፎቶ ጢም ብሎ ይመጣል። እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ለሪፖርት የሚሆነውን ላፕቶፑ ላይ አወርዳለሁ። ስልካቸው ለሚቀጥለው መስክ ባዶ እንዲሆን ኮፒ አናደርግም፣ ከት ነው የምናደርገው፤ ከስልኩ ይነሳል፣ ከላፕቶፑ ይገባል። ይህን ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ ነው የሚሠሩት።

ያን ቀንም አላማከሩኝም። ከውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ይጮሃል፣ ወደ ጂንካ የመጨረሻው ነው ይላሉ፣ ሰዉ ይጋፋኛል። ነካሁ፣ አወረድኩ፣ ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ አሰማሁት። አባቴ ዘፈነ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን ነቅዬ፣ ትከሻውን ስሜው ሮጥኩ።

ቀይ አፈር ከተማ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ሲቆም አላስችል አለኝና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ድምፁን እየሰማሁ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስነካው ፋይሉ ፈዘዝ ብሎ ነበር። የሚፈዘው ደግሞ ከት ሲሆን ብቻ ነው። ክው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ እኔማ አፍስሼ ሄድኩ እንጂ መች ለቀምኩ።

ወርጄ መመለስ እችል ነበር። ሌላ መኪና ባይገኝ አድሬ በማግስቱ እደርስ ነበር። ግን እናቴ ትጠብቀኛለች አልኩ። ሽማግሌው ስልኩን መቼ ይነካዋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመለሳለሁ አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ማስረጃ አያጣም።

እናቴ ድምፁን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቆየች። ከዚያ በኋላ ማታም ጠዋትም ሆነ። ወንድሞቼ በስልካቸው ጫኑት፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ተላከላት፤ ያጉረመረመችው አክስቴ እንኳ አስጫነች። የአባቴ ድምፅ በአሥራ አንድ ስልክ ላይ ሆነ። ይዞ ያቆየልን ሰው ስልክ ላይ ብቻ የለም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለእናቴም አልነገርኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የዓመቱ ዕቅድ ሥራ ሆነ። የዚያ ቀጣዩ ሥልጠና። ከዚያ ዘመን መለወጫ፣ ከዚያ መስቀል፣ ከዚያ ዝናቡ ገባና ወንዙ መኪና አያሳልፍም ተባለ። ከዲመካ የመጣ ሾፌር ሳይ መንገድ እቀይር ጀመር፤ መልእክት ይዞልኝ እንደሆነ ብዬ። አንድም መልእክት አልመጣም። ዝምታው ይብስ አስጨነቀኝ።

በመጨረሻ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወረድኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስልክህን ላስተካክልልህ እለዋለሁ፣ ገመዱን እሰካለሁ፣ ድምፁን ቦታው እመልሳለሁ፣ በቃ። ላይ ላዩን ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል።

ሽማግሌው ገበያ አልወጣም፤ ከቻርጅ ቤቱ ጠይቄ መንደሩ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሲያየኝ ተነሳ፣ ደስ አለው፣ ግን ከስቷል። ሚስቱ በቅል ትኩስ የቡና ገለፈት ውሃ ሰጠችኝ፤ በምልክት ወደ እሱ እያሳየች አይበላም አለችኝ። ስልክህን አምጣ ልየው አልኩት። ከጣራው ሥር አውርዶ፣ ከጨርቁ ፈትቶ ሰጠኝ። ልጁ ባትሪውን ቀይሮለታል። ገመዱን ከቦርሳዬ ሳወጣ ተናገረ።

«አባትሽ ከኔ ሄደ።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ለካ በየጠዋቱ ከብቱን ሲያሰማራ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለቀዩ በሬ የአባቴን ዘፈን ያሰማው ነበር። እኔ በሄድኩ ማግስት ነካው፣ ድምፅ የለም። ቻርጅ ቤት ወሰደው፤ ባለቤቱ አየና ስልኩ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን የለም አለው። እኔን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረኝም። የቤሉ ልጅ ነኛ፤ አይወጣም ብዬ በአባቴ ሞት ምዬለታለሁ። የቀረው አንድ ሰው ነበር። ሙት ሲቆጣ የራሱን ይወስዳል፤ አባቴ ተቆጥቶ ድምፁን ወሰደ ብሎ አመነ።

ለምን እንደተቆጣም ቁጭ ብሎ ፈለገ፣ አገኘውም። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ በሾፌር ልከንበት ነበር፤ መልእክቱ ደርሶታል። ግን ማሽላው የደረሰበት ወቅት ነው፣ ወፍ ወርዶበታል። ነገ እሄዳለሁ እያለ ማሽላውን ሲጠብቅ፣ እህሉ ሳይገባ የአባቴ መርዶ መጣ። ቤሌ ታሞ ሲጠራኝ እኔ ወፍ አባርር ነበር አለኝ። ሽማግሌዎች ጠርቶ ፍየል አረደ፤ ፊቱን ወደ ጂንካ አዙሮ ይቅር በለኝ አለ። በማግስቱ ስልኩን ነካ፣ ዝም። ከወር በኋላ ሌላ ፍየል አረደ፣ ደግሞ ዝም። ከዚያ ወዲህ አባቴን መጥራቱንም ፈራ።

ገመዱ እጄ ላይ ነው። ያሰብኩትን ማድረግ እችል ነበር፤ ሰክቼ ብመልስለት ይቅር አለህ፣ ተመለሰ ብለው ያምነኛል፣ ይደሰታልም። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ አማረኝ። ግን ያ ሰው ስድስት ወር ሙሉ በእኔ ጥፋት ራሱን ሲከስስ ከርሟል። ምላሴ ለስድብ ፈጣን ነው፤ ለዚህ ግን ደረቀብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት። እጄ ሳተ። ያን ዕለት መንገድ ላይ አውቄው ነበር፣ ግን ሳልመለስ ቀረሁ።»

እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እሱ አይደለም?»

«አይደለም።»

ትንፋሹን ለቀቀ። ረጅም ነበር።

«እንኳን አንቺ ሆንሽ» አለኝ።

ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ። ሚስቱን ጠራ፣ ጎረቤቱን ጠራ፣ ከብት እየነዳ የሚያልፈውን ሁሉ አስቆመ። ሐመርኛዬ የልጅነት ቢሆንም የሚለውን እሰማለሁ፤ ቤሌ አልተቆጣብኝም፣ ይህች ልጁ ናት የወሰደችው ይላል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ የገመዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ደግፌ የአባቴን ድምፅ እየመለስኩ አለቅሳለሁ። ሌብነቴን ለአገር ምድሩ ሲያወራ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።